የውዴታ ቁልፍ፤ በኦካምል 5 የሃሽ ሠንጠረዥ ላይ የቀረበ ትችት

ማለዳ ኦሎምፒያ ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ዓይነት ሰልፍ ያውቃል። አንደኛው ተራ አስከባሪ የቆመበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ በራሱ ፈቃድ የሚሰለፍበት ነው። ሰው ጥቂት በሆነበት ሰዓት ሁለቱ አይለያዩም፤ እንዲያውም ተራ አስከባሪ የሌለበት ሰልፍ ይፈጥናል። ዝናብ ሲጥልና አንዲት ታክሲ ብቻ ስትመጣ ግን የሁለቱ ልዩነት ያን ጊዜ ይታያል፤ ከደጃፉ ላይ ሁለት ሰው እኩል ይደርሳል፤ አንዱ ይገባል፤ ሌላው «እኔ ቀድሜ ነበር» እያለ ይቀራል። የምንተቸው ጉዳይ ምንም እንኳ ስለ ኮምፒውተር ቋንቋ ቢሆን፣ ጥያቄው ከዚህ ሰልፍ ጥያቄ የራቀ አይደለም። ይኸውም ተራ አስከባሪው በግዴታ ይቁም ወይስ በውዴታ? በውዴታ ከሆነስ፣ ሳይቆም የቀረ እንደ ሆነ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?

ትችታችን የሚመለከተው ኦካምል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በአምስተኛው እትሙ የወሰደውን አንድ ውሳኔ ነው። ቋንቋው ከፈንክሽናል ቋንቋዎች ወገን ሲሆን፣ በፈረንሳይ አገር ኢንሪያ በተባለው የምርምር ተቋም በእነ ዛቪዬ ለሯ ተሠርቶ በ1996 ወጣ፤ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። የፈንክሽናል ቋንቋ ዋና ጠባዩ አንድ ጊዜ የተሰጠ ዋጋ እንዳይለወጥ መፈለጉ ነው፤ አዲስ ዋጋ ይፈጠራል እንጂ አሮጌው አይፋቅም። የማይለወጥን ነገር ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ቢያነቡት ጠብ የለም። ኦካምል ግን በዚህ ረገድ አጥባቂ አይደለም፤ ለፍጥነትና ለምቾት ሲባል የሚለወጡ ዕቃዎችንም አስገብቷል። ከእነዚህም ብዙ የሚሠራበት የሃሽ ሠንጠረዥ ነው።

ስለ ቃሉም ጥቂት እንበል። በአማርኛችን «ቁልፍ» ማለት መዝጊያውም መክፈቻውም ነው፤ በዚህ ላይ በሠንጠረዥ ውስጥ አንድን መዝገብ የምንፈልግበትን ምልክት የሙያው ሰዎች ቁልፍ ይሉታል። አንባቢ እንዳይደናገር በዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ያልነው ሁልጊዜ መዝጊያውን ነው፤ ሌላውን መለያ ብለነዋል።

ከአምስተኛው እትም በፊት ቋንቋው አንድ አውራ ቁልፍ ነበረው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አሥር ክሮች ቢከፈቱም የኦካምልን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚፈጽመው አንድ ክር ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ አውራው ቁልፍ እስኪለቀቅላቸው ይጠብቃሉ። ከክር ወደ ክር የሚታለፈውም በተወሰኑ ቦታዎች፣ በተለይም አዲስ ማኅደረ ትውስታ በሚጠየቅበት ወይም ክሩ የውጭ ሥራ በሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የሃሽ ሠንጠረዥ ያኔም ቢሆን በሕግ ዋስትና ያልተሰጠው ሆኖ ሳለ፣ በልማድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድን ነበር። በ2022 መጨረሻ የወጣው 5.0 ይህን አውራ ቁልፍ ለየዶሜይኑ ከፋፈለው። ዶሜይን የሚባለው ከሌላው ጋር በእውነት በአንድ ጊዜ፣ በሌላ የማሽኑ ልብ ላይ መሥራት የሚችል የሥራ ክፍል ነው። አውራው ቁልፍ ከተነሣ በኋላ የሃሽ ሠንጠረዥን፣ ወረፋን፣ ቁልልንና የመሳሰሉትን የሚለወጡ ዕቃዎች ማን ይጠብቃቸው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። የቋንቋው አዘጋጆች የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ መደበኛው ላይብረሪ በውስጡ ቁልፍ አያስገባም፤ ሠንጠረዡን ለብዙ ዶሜይን የሚያካፍል ሰው ሚውቴክስ በተባለው ቁልፍ ራሱ ይጠብቀው። ይህንንም በመመሪያው ላይ ጽፈውታል።

ጉዳዩን በሩቁ ያነበብነው ብቻ ሳይሆን ያየነው ስለ ሆነ ከክርክሩ በፊት ታሪኩን እናስቀድማለን።

በዚያው በኦሎምፒያ ሰፈር አንድ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ስሙን አንጠራም። ሦስት ሠራተኞች በሦስት ጠረጴዛ ደንበኛ ይቀበላሉ፤ የሰበሰቡትንም ገንዘብ በየጊዜው ለገንዘብ ያዥዋ ያስረክባሉ። እኛም ለዚህ ቤት የርክክብ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም በኦካምል ሠራን። እያንዳንዱ ርክክብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ መለያ ሆኖ የሠራተኛው ስምና የገንዘቡ ልክ በሃሽ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ይደመራል። ፕሮግራሙ በአራተኛው እትም ላይ ለብዙ ወራት ያለ እንከን ሠራ። በእኛም ምክር በወረቀት ይጻፍ የነበረው የርክክብ ደረሰኝ ቀረ።

አምስተኛው እትም ከመጣ በኋላ ፕሮግራሙን ወደ እርሱ አዛወርነው፤ ክር የሚከፍተውንም ትእዛዝ ዶሜይን በሚከፍተው ተካነው። ለቤቱ ሥራ ይህ ሁሉ ፍጥነት አያስፈልገውም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አዲሱን ነገር ለመሞከር ስለ ጓጓን ነው። ኮምፓይለሩ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበለው፤ ፕሮግራሙም ሠራ።

በሁለተኛው ወር ገደማ ከሦስቱ ሠራተኞች በአንዲቱ ላይ 740 ብር ጐደለ። እርስዋ አስረክቤአለሁ አለች፤ መዝገቡ አላስረከበችም አለ፤ ደረሰኝ የለም። የቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን «ኮምፒውተር ከማን ጋር ያዳላል?» ብለው ገንዘቡ ከደመወዝዋ እንዲቀነስ አደረጉ። እኛም በተጠየቅን ጊዜ ፕሮግራሙ ትክክል ነው ብለን መልሰናል፤ ይህን ቃላችንን ዛሬ ስናስታውሰው እናፍራለን። ነገሩ የተገለጠው ሌላ ቀን በሌላው ሠራተኛ ላይ 315 ብር ሲጐድል፣ ገንዘብ ያዥዋ ሣጥንዋን ቈጥራ ያንኑ ያህል ትርፍ በማግኘትዋ ነው። በመጀመሪያውም ቀን ትርፍ አግኝታ ነበር፤ የቈጠራ ስሕተት መስሏት ለብቻው አስቀምጣው ኖሯል። ጠርታን «እናንተ ልጆች፣ ገንዘቡ እኔ ዘንድ አለ፤ የጠፋው እናንተ ዘንድ ነው» አለችን። ከዚህ የተሻለ የስሕተት መግለጫ እስከ ዛሬ ከማንም አልደረሰንም።

ሁለቱን ቀኖች ስናነጻጽር አንድ ነገር አገኘን፤ በሁለቱም ቀን መብራት ጠፍቶ ተመልሷል። መብራት በጠፋ ጊዜ ሦስቱ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች በባትሪ እየሠሩ ርክክቡን በየራሳቸው ያጠራቅማሉ፤ ዋናው ማሽን ሲነሣ ያጠራቀሙትን ሁሉ ባንድ ጊዜ ያወርዱበታል። በሌላው ቀን ርክክብ የሚመጣው አንድ በአንድ ስለ ሆነ ሁለት ዶሜይኖች በሠንጠረዡ ላይ የሚገናኙበት አጋጣሚ ከቍጥር የሚገባ አልነበረም። ዝናቡ የጣለው መብራቱ በተመለሰበት ደቂቃ ነው።

አሁን ስሕተቱ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። የሃሽ ሠንጠረዥ ማለት የሣጥኖች ረድፍ ነው። መለያው በአንድ ስሌት ወደ ሣጥን ቁጥር ይለወጣል፤ በአንድ ሣጥን የወደቁት መዝገቦች በሰንሰለት ይያያዛሉ። አዲስ መዝገብ ሲጨመር ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የሰንሰለቱን ራስ ያነባል፤ አዲሱን መዝገብ ከዚያ ራስ ጋር ያያይዛል፤ ከዚያም አዲሱን በራሱ ቦታ ይተክላል። ሁለት ዶሜይኖች የአንድን ሣጥን ራስ እኩል ያነበቡ እንደ ሆነ ሁለቱም በአሮጌው ራስ ላይ ያያይዛሉ፤ ኋላ የተከለው የፊተኛውን ይሽረዋል። የተሻረው መዝገብ ስሕተት አልተባለም፤ አልተፋቀም፤ በቀላሉ ከሰንሰለቱ ውጭ ቀረ። ከዚህ የሚብሰው የሠንጠረዡ መስፋት ነው። የመዝገቡ ብዛት ከሣጥኖቹ ብዛት እጥፍ ሲበልጥ ሠንጠረዡ ረድፉን በእጥፍ ያሳድግና ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ያዛውራል፤ በ16 ሣጥን የተጀመረ ሠንጠረዥ 33ኛው መዝገብ ሲገባ ይዛወራል ማለት ነው። በዚያ መዛወር መካከል ሌላው ዶሜይን በአሮጌው ረድፍ ላይ የጻፈው ነገር፣ ተከራዩ ለቅቆ በሄደበት ቤት በበር ሥር እንደ ገባ ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል። የመዝገቦችን ብዛት የሚይዘው ቈጣሪም እንዲሁ ይነበባል፣ አንድ ይጨመርበታል፣ ይጻፋል፤ ስለዚህ ቈጣሪውን ጠይቆ ስንት ጠፋ ማለት እንኳ አይቻልም።

ይህን በፈተና ለማረጋገጥ ሁለት ዶሜይኖች ከፍተን እያንዳንዱ የማይደጋገሙ 100,000 ቁጥሮችን በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲያስገባ አደረግን። ቈጣሪው ስለማይታመን ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ፈለግናቸው። ደጋግመን ብንሞክረው አንድም ጊዜ 200,000 አልሞላም፤ የጐደለውም ቁጥር አንድም ጊዜ ከፊተኛው ጋር አልተስማማም። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ይህ የኋለኛው ነው። ሁልጊዜ በአንድ ልክ የሚሳሳት ፕሮግራም ይያዛል፤ እንደ ዕለቱ የሚሳሳት ግን ተጠቃሚውን ሌባ ያስመስለዋል።

በዚህ ሁሉ ፕሮግራሙ አንድም ጊዜ አልወደቀም። ይህም በአጋጣሚ አይደለም። ስቲቨን ዶላን፣ ኬ. ሲ. ሲቫራማክሪሽናንና አኒል ማዳቫፔዲ በ2018 ባቀረቡት ጥናት የኦካምልን የማኅደረ ትውስታ ሥርዐት ሲያበጁ፣ የመረጃ ሽሚያ ቢደርስ እንኳ ጉዳቱ በቦታም በጊዜም እንዲወሰንና የቋንቋው የዓይነት ጥበቃ እንዳይፈርስ አድርገዋል። በሲ ቋንቋ እንዲህ ያለ ሽሚያ የቱንም ያህል ጥፋት ሊያደርስ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ያልተፈለገ ውጤት አለው። የሲ ፕሮግራም በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይፈርስና ጸሐፊውን ያስደነግጠዋል። የኦካምል ፕሮግራም ግን ጨዋ ሆኖ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ 740 ብር ይጥላል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው የምንጠይቀው ቁልፉ በግዴታ በሠንጠረዡ ውስጥ እንዲገባ ይመስለው ይሆናል። እኛም በመጀመሪያው ሳምንት ያሰብነው እንደዚያው ነበር። ሠንጠረዡን በራሳችን ሞጁል ሸፍነን፣ እያንዳንዱ መጨመር፣ እያንዳንዱ መፈለግና እያንዳንዱ መተካት በየራሱ ቁልፍ እንዲይዝና እንዲለቅ አደረግን። የጠፋ መዝገብ ቀረ፤ ደስ አለን። ከዚያም ባለቤቱ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየሰዓቱ ስንት እንዳለበት የሚያሳይ ሒሳብ እንድንጨምር ጠየቁን፤ ጨመርነው። ፕሮግራሙ የሠራተኛዋን ቀሪ ሒሳብ ይፈልጋል፤ ያስረከበችውን ይቀንሳል፤ አዲሱን ይተካል። መፈለጉ በቁልፍ ነው፤ መተካቱም በቁልፍ ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ቁልፉ ተለቅቆ ስለ ነበረ ሌላው ዶሜይን ገብቶ ያንኑ አሮጌ ሒሳብ አነበበ፤ ሒሳቡም እንደገና ተዛባ። ደግነቱ በዚህ ጊዜ የወረቀቱ ደረሰኝ ተመልሶ ስለ ነበር ማንም አልተቀጣም።

ስለዚህ የአዘጋጆቹን ሐሳብ በገንዘባችን ባይሆንም በኀፍረታችን ተረድተነዋል ማለት ነው። በሩ ለምን ያህል ጊዜ ተዘግቶ መቆየት እንዳለበት የሚያውቀው የፕሮግራሙ ባለቤት እንጂ ሠንጠረዡ አይደለም። ሠንጠረዡ የሚያውቀው መፈለግንና መተካትን ነው፤ «ርክክብ» የሚባለውን ሙሉ ሥራ አያውቅም። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ በግዴታ የተቀመጠ ቁልፍ ዋጋውን ያስከፍላል፤ የሚሰጠው ግን ግማሽ ጥበቃ ነው፤ ይልቁንም ጥበቃው ሙሉ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ከምንም የባሰ ነው።

በፈንክሽናል ቋንቋ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በእነዚህ ቋንቋዎች ፈንክሽን እንደ ማንኛውም ዋጋ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የሃሽ ሠንጠረዡ በመዝገቦቹ ሁሉ ላይ የሚዞር ትእዛዝ አለው፤ ይህም ትእዛዝ በየመዝገቡ የሚፈጽመውን ፈንክሽን ከተጠቃሚው ይቀበላል። ሠንጠረዡ ቁልፉን ይዞ እየዞረ ሳለ የተሰጠው ፈንክሽን በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ሌላ ነገር ልፈልግ ቢልስ? የኦካምል ሚውቴክስ የያዘው ክር ራሱ እንኳ ሁለተኛ ጊዜ ቢጠይቀው አይፈቅድም፤ ስሕተት ብሎ ይመልሰዋል። እንግዲህ ትናንት በአንድ ክር በሰላም ይሠራ የነበረ ፕሮግራም፣ ሊጠብቀው በገባ ቁልፍ ምክንያት ዛሬ ይወድቃል ማለት ነው። ላይብረሪ ጸሐፊ ቁልፍ ይዞ የማያውቀውን ፈንክሽን መጥራት፣ ቤቱን በውስጥ ቀርቅሮ እንግዳው ምን ይዞ እንደ መጣ ሳያይ እንደ መተኛት ነው።

የጃቫ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ጃቫ በ1996 ሲወጣ ቬክተርና ሃሽቴብል የተባሉት ዕቃዎች በየትእዛዛቸው የግዴታ ቁልፍ ነበራቸው። በ1998 መጨረሻ በ1.2 እትም የመጡት አዲሶቹ ስብስቦች ቁልፉን አወጡት፤ የፈለገ ሰው በሌላ ሽፋን እንዲጨምረው ተደረገ። በ2004 በአምስተኛው እትም ደግሞ ለብዙ ክር ታስቦ ከመሠረቱ የተሠራ ሌላ የሃሽ ሠንጠረዥ መጣ። ከግዴታ ወደ ውዴታ፣ ከውዴታም ለሥራው ወደ ተለየ ዕቃ ለመድረስ ስምንት ዓመት ፈጀ። ኦካምል የመጀመሪያውን ደረጃ ዘሎ ከሁለተኛው መጀመሩ ብልኅነት ነው። ሦስተኛው ደረጃ ግን በመደበኛው ላይብረሪ ውስጥ አልገባም፤ ሳተርን እንደሚባለው ካሉ የውጭ ላይብረሪዎች መፈለግ አለበት፤ የጀማሪ ተማሪ እጅ ደግሞ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ መደበኛው ነው።

እንግዲህ የምንነቅፈው የቁልፉን በውዴታ መሆን አይደለም። የምንነቅፈው ውዴታው ያለ ጥያቄ መሆኑን ነው። «ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው አልፈልግም ቢል ምርጫው የራሱ ነው። ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ግን አልመረጠም፤ ተመረጠለት እንጂ። በኦካምል 5 የሃሽ ሠንጠረዥ ሲፈጠር ለአንድ ዶሜይን ነው ወይስ ለብዙ የሚል ጥያቄ የለም፤ የሠንጠረዡ ዓይነት ስምም አይለይም። ክር የሚከፍተውን ትእዛዝ ዶሜይን በሚከፍተው ስንተካ ኮምፓይለሩ አንዳች አላለንም። እንደሚባለው ኦካምል የዓይነት ስሕተትን አጥብቆ የሚመረምር ቋንቋ ነው፤ ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር ብንደምር ይቈጣናል። ይህን ያህል ጥንቁቅ የሆነ ቋንቋ በዚህ ጊዜ ዝም ማለቱ፣ ዝምታው እሺታ እንዲመስለን አደረገ።

በዚህ ረገድ እጅግ ያስገረመን ነገር ማስጠንቀቂያው መኖሩ ነው። ለእንዲህ ያለ ያልተጠበቀ አጠቃቀም የተለየ የማስጠንቀቂያ ስም በላይብረሪው ውስጥ ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን ኮምፓይለሩ ሳይጠየቅ እንዳይናገረው ተደርጓል። ምክንያቱን እንገምታለን፤ ሠንጠረዥ የሚጠቀሙት አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በአንድ ዶሜይን የሚሠሩ ናቸውና በሁሉ ላይ ቢጮኽ ማንም አይሰማውም። የሆነ ሆኖ ዶሜይን በሚከፍት ፕሮግራም ላይ ብቻ እንዲናገር ማድረግ የሚገባ ይመስለናል። በ2024 በወጣው 5.2 እትም ሽሚያን በሥራ ላይ የሚይዝ መርማሪ ገብቷል፤ ይህም መልካም ነው፤ ግን እርሱም ቢሆን ኮምፓይለሩ ሲገነባ ተለይቶ ካልተጠየቀ አይኖርም። ቁልፉ በውዴታ፣ ማስጠንቀቂያው በውዴታ፣ መርማሪውም በውዴታ ሆነ።

አንድ መምህራችን የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አንብበው «መመሪያውን ሳያነብ የሠራ ተማሪ ቋንቋውን ሊከስ አይችልም» ብለውናል። ቃላቸው እውነት ስላለው እንቀበለዋለን፤ በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ እኛም ያነበብነው ከጉዳቱ በኋላ ነው። ሆኖም መመሪያውን ያላነበብነው እኛ ሆነን ሳለ ደመወዝዋ የተቀነሰው የጠረጴዛዋ ሠራተኛ ናት። እርስዋ የኦካምልን መመሪያ ታነብ ዘንድ የሚጠብቅባት የለም። የአንድ ንድፍ ጥሩነት በሚያውቀው ሰው እጅ ብቻ ሳይሆን፣ በቸኰለ ሰው እጅ ሲገባ በሦስተኛው ወገን ላይ በሚያደርሰውም ጭምር መመዘን አለበት ብለን እናምናለን።

ሌሎች የፈንክሽናል ቋንቋዎች ለዚህ ነገር ምን መልስ እንደ ሰጡ ማየት ይጠቅማል። በሃስኬል በ1996 በቀረበው የጥናት ጽሑፍ የተዋወቀው ኤምቫር የተባለው ዕቃ ቁልፍም ሣጥንም ነው። የሚጠበቀው ነገር በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንበብ የሚፈልግ ከሣጥኑ ያወጣዋል፤ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ሌላው መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ቁልፉን ሳይነኩ ወደ ዕቃው የሚደርስ መንገድ የለም። በኦካምል ግን ሚውቴክሱ አንድ ቦታ፣ ሠንጠረዡ ሌላ ቦታ ነው፤ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ዕቃ እንደሚጠብቅ የሚያውቀው የጸሐፊው ትዝታ ብቻ ነው። ከ5.1 ጀምሮ ፕሮቴክት የተባለ ትእዛዝ ተጨምሯል፤ ቁልፉን ይዞ የተሰጠውን ፈንክሽን ይፈጽማል፤ ስሕተት ቢነሣ እንኳ ቁልፉን ሳይለቅ አይወጣም። ከመቆለፍ በኋላ መክፈት ለሚረሳ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ መቆለፉን ራሱን ለረሳ ግን አይደርስለትም።

ከኦካምል ሰፈር ራሱ የምናመሰግነው ምሳሌ አለ። የዳንኤል ቡንዝሊ ሎግስ የተባለው ላይብረሪ የፕሮግራምን የዕለት ማስታወሻ ይጽፋል። በውስጡ የራሱ ቁልፍ የለውም፤ ነገር ግን የመቆለፊያና የመክፈቻ ፈንክሽኖችን ከውጭ የሚቀበልበት ቦታ አለው። ለክሮች የተዘጋጀውን ለመጠቀም የፈለገ በፕሮግራሙ መጀመሪያ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ በመቶ ቦታ ያለው ጽሕፈት ሁሉ ይጠበቃል። ላይብረሪው ስለ ክር ምንም ሳያውቅ፣ ቁልፉን እንደ ማንኛውም ፈንክሽን ተቀበለው፤ የፈንክሽናል ቋንቋ ጥበብ እዚህ ላይ ይታያል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ያቺን አንድ መስመር የረሳ ሰው እዚህም አይጠየቅም።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። መደበኛው ላይብረሪ የሃሽ ሠንጠረዥን በፈንክተር መሥራትን ቀድሞ ያውቃል፤ ይኸውም የመለያው ዓይነትና የእኩልነት ፈንክሽን እንደ ሞጁል ይሰጠውና ሠንጠረዡን የሚያስተናግድ ሌላ ሞጁል ይመልሳል። ለዚሁ ፈንክተር ሁለተኛ ሞጁል፣ ማለት የቁልፉ ሞጁል ቢጨመርለት፣ በአንድ ዶሜይን የሚሠራ ሰው ምንም የማያደርግ ባዶ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ በብዙ የሚሠራ ሚውቴክስ ይሰጠዋል። ሁለቱ የተለያየ ዓይነት ስለሚኖራቸው ባዶ ቁልፍ ያለውን ሠንጠረዥ ሁለተኛው በተጠየቀበት ቦታ ማስገባት ኮምፓይለሩ አይፈቅድም። ከዚህም ጋር በአንድ ቁልፍ ሥር ብዙ ትእዛዝ የሚያስፈጽም አንድ በር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በቀሪ ሒሳቡ የደረሰብን ይደገማል። ባዶ ቁልፍም ቢሆን ምርጫ ነው፤ ልዩነቱ ጸሐፊው በእጁ የጻፈው መሆኑ ነው።

በመጨረሻ ያደረግነው ግን ይህንንም አይደለም። የሃሽ ሠንጠረዡን ትተን የማይለወጠውን የኦካምል ማፕ ያዝን፤ እርሱንም ከ4.12 እትም ጀምሮ ባለው አቶሚክ በተባለው ሣጥን ውስጥ አኖርነው። እያንዳንዱ ዶሜይን ያለውን ማፕ ያነባል፤ ርክክቡንና ቀሪ ሒሳቡን ባንድነት የያዘ አዲስ ማፕ ይሠራል፤ ከዚያም «በሣጥኑ ያለው ያነበብሁት እንደ ሆነ በአዲሱ ተካ» ይላል። ሌላው ቀድሞ ከሆነ መተካቱ ይከለከላል፤ እንደገና አንብቦ እንደገና ይሠራል። ቁልፍ የለም፤ የሚረሳም ነገር የለም። ለመረጥነው ፈንክሽናል ቋንቋ የሚስማማው ይህ ሆኖ ሳለ በሌላ ቋንቋ ልማድ ተስበን ወደ ሃሽ ሠንጠረዥ የሮጥነው እኛው ነን፤ ይህን ያህሉን ለመምህራችን እናምናለን። ማፑ ከሠንጠረዡ ይዘገያል፤ ለአንድ የኅትመት ቤት ርክክብ ግን መዘግየቱን ማንም አላየውም።

የመብራቱን ፈተና በሦስት ዶሜይኖች ደግመን ሞክረነዋል፤ 300,000 መዝገብ አስገብተን 300,000 አግኝተናል። 740 ብሩ በሚቀጥለው ወር ለሠራተኛዋ ተመልሶላታል፤ ባለቤቱም በፊታችን ይቅርታ ጠይቀዋታል፤ እኛም ጠይቀናል። የወረቀቱ ደረሰኝ ግን አሁንም እንደ ተመለሰ ነው፤ እንዲቀርም ዳግመኛ አልመከርንም።